ሴትና ተፈጥሮ በልብወለድ ውስጥ፦ ከግሡ ጀምሮ የማንበብ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ኢኮፌሚኒዝምን (ሥነ ምህዳራዊ እንስታዊነትን)፣ ማለትም የሴትና የተፈጥሮ ጭቆና እንዴት እንደሚያያዙ የሚመረምረውን ንድፈ ሐሳብ ሲመርጥ፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚዘጋው «በልብወለዱ ውስጥ ሴቶች ለተፈጥሮ ቅርብ ሆነው ቀርበዋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም። ንድፈ ሐሳቡ ሊመረምረው የተነሣው ይህንኑ አባባል ነውና። ሥራው የሚጀምረው «ማን አቀረባቸው? በየትኛው ቃል? ከዚያ መቅረብ ማን ተጠቀመ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከ250 እስከ 350 ገጽ ላለው አንድ ልብወለድ የተዘጋጁ ናቸው። በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ለሚሠራ ሰው ስምንት ሳምንት ይበቃሉ። ሁለት ልብወለድ ለማነጻጸር ያሰበ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሐሳቡን ቢተው ይሻለዋል፤ ጊዜው በማነጻጸር ያልቅና ሁለቱም በወጉ ሳይነበቡ ይቀራሉ።

1. መጽሐፉን መፈተን

ዛፍና ወንዝ የሚጠቀስበት ልብወለድ ሁሉ ለዚህ ንባብ አይሆንም። ተፈጥሮ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ሊኖረው ይገባል፦ ዝናብ ቀርቶ ሰው የሚሰደድበት፣ መሬት ተወስዶ ቤተሰብ የሚበተንበት፣ ወንዝ ተበክሎ ከብት የሚያልቅበት። መጽሐፉን በየ30 ገጹ ግለጡና አሥር ገጽ አንብቡ። መሬት፣ ውሃ፣ እንስሳ ወይም ተክል የአንድን ገፀባህርይ ውሳኔ የቀየረበት ቦታ ከሦስት ካነሰ ሌላ መጽሐፍ ፈልጉ።

ታሪኩ የግድ ገጠር መሆን የለበትም። ከገጠር መጥታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባች፣ በኪራይ ክፍሏ የውሃ ፈረቃ የምትጠብቅ፣ ከሰል ገዝታ የምታበስል ወጣት ከማንኛዋም የገጠር ገፀባህርይ እኩል ለዚህ ንባብ ትመቻለች። ከሰሉ የማን ጫካ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ብቻ ያስፈልጋታል።

2. ከንድፈ ሐሳቡ የሚያስፈልገውን ያህል

የንድፈ ሐሳብ ክፍሉ ከአምስት ገጽ አይብለጥ። «ኢኮፌሚኒዝም» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቁት ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ዶቦን ናቸው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሼሪ ኦርትነር ሴት ከተፈጥሮ፣ ወንድ ደግሞ ከባህል ጋር ለምን እንደሚመደቡ ጠየቁ። ይህን ያህል ታሪክ ይበቃል።

ለትንታኔ ከሁሉም የሚጠቅመው አውስትራሊያዊቷ ፈላስፋ ቫል ፕለምዉድ እ.ኤ.አ. በ1993 የዘረዘሯቸው አምስት የበላይነት መንገዶች ናቸው፤ በቁጥር 3 በምናየው የማስታወሻ ካርድ ላይ በቀጥታ ሊመዘገቡ ይችላሉና። አንደኛው ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ የምንኖርበትን ሥራ እንዳልተሠራ መቁጠር። ሁለተኛው ፍጹም መለየት (ሁለቱ ምንም የሚጋሩት እንደሌለ ማድረግ)፣ ሦስተኛው አንዱን በሌላው ብቻ መለካት ነው፤ «የእገሌ ሚስት» ተብላ ስሟ ሳይታወቅ መጽሐፉ የሚያልቅባት ሴት እዚህ ትገባለች። አራተኛው መሣሪያ ማድረግ (ለሌላው ጥቅም ብቻ እንዳለ መቁጠር)፣ አምስተኛው ሁሉን አንድ ማድረግ ነው፤ «ሴት እንዲህ ናት»፣ «ገጠር እንዲህ ነው»።

ሌላው ሳይታለፍ መቅረብ ያለበት የሁለት ሕንዳውያን ልዩነት ነው። ቫንዳና ሺቫ ሴቶች ከተፈጥሮ ጋር ያላቸውን ሕይወት ሰጪ ትስስር ሲያጎሉ፣ ቢና አጋርዋል ደግሞ ትስስሩ የሚወሰነው በሥራ ክፍፍል፣ በንብረትና በመደብ ነው ብለው ተከራከሩ። ለወሎ ታሪክ የአጋርዋል መንገድ የበለጠ ይሠራል ብለን እናምናለን። መሬት ያላት ባለጸጋና ኩበት ለቅማ የምትሸጥ ሴት ለአንዱ ተራራ ያላቸው ቅርበት አንድ ዓይነት አይደለም።

3. ሦስት ንባብ፣ አንድ የካርድ ሳጥን

መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዙ እንደማንኛውም አንባቢ አንብቡ። ይህን የዘለለ ሰው ቅንጭቦችን እንጂ መጽሐፉን አያውቀውም። በሁለተኛው ንባብ በጠርዙ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ጻፉ፦ ሴት በተፈጥሮ ስትመሰል «መ»፣ ሴት ከተፈጥሮ ጋር ስትሠራ «ሥ»፣ ተፈጥሮ ራሱ እንደ ሰው ሲያደርግ ወይም ሲደረግበት «ተ»። በሦስተኛው ምልክት ያለባቸውን ቦታዎች ብቻ ወደ ካርድ ገልብጡ።

በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ገጽ፤ ቅንጭቡ ቃል በቃል፤ ተናጋሪው (ተራኪው ነው ወይስ ገፀባህርይ?)፤ ወቅቱና ቦታው፤ የእያንዳንዱ ግሥ ባለቤትና ጾታ፤ የተሠራው ሥራና የጥቅሙ ተቀባይ። የእናንተን ትርጉም ከካርዱ ጀርባ ጻፉት። ፊትና ጀርባ ካልተለየ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጸሐፊው ያለውንና እናንተ ያሰባችሁትን መለየት ይቸግራል። ከ40 እስከ 60 ካርድ ይሰበሰባል፤ በመጨረሻ ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ከ12 እስከ 15 ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በ«ተናጋሪው» መስመር ነው። አንድ ጨካኝ ባል በምልልስ «ሴትና መሬት ካልረገጧቸው አይገዙም» ቢል፣ ይህ የገፀባህርዩ እምነት ነው። የመጽሐፉ አቋም የሚታወቀው ተራኪው ከዚያ በኋላ ባለው አንቀጽ የሚያደርገውን በማየት ነው፤ ዝም ይላል? ሰውየውን ያስከፍለዋል? ወይስ በራሱ ድምፅ ይደግመዋል?

4. ግሡን መያዝ

እዚህ ላይ አማርኛ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የማይገኝ መሣሪያ ይሰጣል። በቋንቋችን ግሥ ጾታ አለው። «ወንዙ ሞላ» ወይም «ወንዚቱ ሞላች» ሳይል ማለፍ የሚችል ጸሐፊ የለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ የተፈጥሮ ስም ላይ ምርጫ ይደረጋል፤ ምርጫው ደግሞ ሊቆጠር ይችላል።

ሲቆጠር ግን ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቋንቋው ልማድ ነው፤ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጨረቃ ትደምቃለች፣ ምድር ትናወጣለች። እነዚህን «ጸሐፊው ተፈጥሮን ሴት አደረገ» ብሎ ማስረጃ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ከጸሐፊው በፊት የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው ማሳነስና ማቆላመጥ ነው፤ «ትንሿ ጅረት»፣ «ይቺ ዛፍ» ሲባል አንስታይ ጾታው መጠንን ወይም ፍቅርን ያሳያል። ሦስተኛው ብቻ ነው የእኛ ጉዳይ፦ በልማድ ተባዕት የሆነው ወንዝ፣ ተራራ ወይም ዛፍ ያለ ማሳነስ ምክንያት አንስታይ ሲሆን፤ ወይም በሁለቱም የሚነገረው «መሬት» በአንድ ምዕራፍ ተባዕት ሆኖ በሌላው አንስታይ ሲሆን። «መሬቱ» እስከ ገጽ 110 ድረስ ኖሮ፣ ሲደፈርና ሲወሰድ በድንገት «መሬቲቱ» ከሆነ፣ ካርዱ ወርቅ ነው።

ቃላቱም እንዲሁ ይጣራሉ። መሬት ይታረሳል፤ አራስም ትታረሳለች። ያልታረሰ መሬት ድንግል ይባላል፣ ሳይዘራ ከከረመ ጾም ያድራል፤ ያልወለደች ሴትም ያላበቀለ መሬትም መካን ይባላሉ። ወጣቷ እሸት ናት፣ ለጋ ናት፣ ኋላ ትጠወልጋለች። ይህን ሁሉ የሰጠን ቋንቋው ነው። ጸሐፊው የሚመዘነው በተረከበው ቃል ላይ ባደረገው ነገር ነው፦ እንዳለ ደገመው ወይስ አዞረው? ለምሳሌ «መካን» የተባለችው ሚስት ፈትታ ሌላ አግብታ ስትወልድ፣ የባሏ ማሳ ግን ጾሙን እያደረ ከቀጠለ፣ ጸሐፊው የተረከበውን ቃል ወደ ባልየው አዙሮታል ማለት ነው።

ለዚህ ደረጃ የመለዋወጥ ፈተናን ተጠቀሙ። ዓረፍተ ነገሩን ጾታውን ቀይራችሁ ጻፉት። ትርጉሙ ካልተነካ ጾታው ልማድ ነበር፤ ዘይቤው ከፈረሰ ጾታው ሥራ ነበረው።

5. አንድ ቅንጭብ ተሠርቶ ሲታይ

የሚከተለው ለማሳያ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተወሰደም።

«ክረምቱ ሲገባ ቦርከና ደፈረሰ። ወንዙ ጎርምሶ የመስኖውን ቦይ ደረመሰው። መሬቲቱ ግን ዝም ብላ ተኛች፤ እንደ ዘይነባ። ዘይነባ ጀሪካኗን አዝላ ቁልቁለቱን ወረደች። ውሃው ቀልቶ ጠበቃት። ‹ዛሬስ ከላይ ምን ደፉብህ?› አለችው።»

ጥድፊያ ያለበት አንባቢ «ዘይነባ ከመሬት ጋር ተመሳስላለች» ብሎ ያልፋል። ግሦቹን በተራ እንያቸው። ወንዙ ጎረመሰ፣ ደረመሰ፦ ተባዕት፣ አድራጊ፣ ጉልበተኛ። መሬቲቱ ተኛች፦ አንስታይ፣ ዝምተኛ። የመለዋወጥ ፈተናው «መሬቱ ዝም ብሎ ተኛ፤ እንደ ዘይነባ» ይሰጣል፤ ንጽጽሩ ወዲያው ይሰናከላል። ስለዚህ «መሬቲቱ» የተባለችው ለንጽጽሩ ስትባል ነው፤ ይህም የተራኪው ምርጫ ነው።

ነገር ግን የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ተራኪውን ይቃረነዋል። እንደ መሬት ተኛች የተባለችው ሴት ወዲያው ትወርዳለች፣ ትሸከማለች፣ ትጠይቃለች። «አዝላ» የሚለው ግሥ ለልጅም ለሸክምም ይሆናል፤ «እናትነት ነው» ብሎ ከመቸኮል በፊት ክብደቱን አስሉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ስትመለስ መንገዱ ዳገት ነው። ጥያቄዋ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ውሃውን በ«ደፉብህ» ስትጠራው ወንዙ እንደ እሷው የተደፋበት ሆነ፤ የጎረመሰው ወንዝ በሷ አፍ ተጎጂ ነው። የ«ደፉ» ባለቤት ግን ስም የለውም፤ «እነሱ» ብቻ ናቸው። ተራኪው ሴትን ከመሬት ጋር አስተኛት፤ እሷ ግን «ማን ደፋ?» እያለች ነው። የትንታኔው ነጥብ ይህ በተራኪውና በገፀባህርይዋ መካከል ያለ ቅራኔ ነው።

ወቅቱም መጣራት አለበት። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ይወርዳል። በክረምት ውሃ የሚቀላው በአብዛኛው ከተራቆተ ተዳፋት በሚታጠብ አፈር ነው። ያው ቀለም በየካቲት ቢታይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ፋብሪካ ባለበት ከተማ አንባቢ ወደ ቀለምና ወደ ፍሳሽ ያስባል። በካርዱ ላይ የወቅት መስመር የገባው ለዚህ ነው። ወቅቱን ሳያዩ «ብክለት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ፈታኝ ፊት በአንድ ጥያቄ ይወድቃል።

6. የሥራ መዝገብ

«ሥ» የተባሉትን ካርዶች ለብቻ አውጥታችሁ ለእያንዳንዱ የተፈጥሮ ሀብት አምስት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ያመጣዋል? ባለቤቱ ማን ነው? ማን ይሸጠዋል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ሲጠፋ ማን ርቆ ይሄዳል? ውሃ፣ ማገዶ፣ ኩበት፣ እህል፣ ወተት፣ ዶሮ፣ ባህር ዛፍ፤ እያንዳንዱ የራሱ መስመር ይኑረው። በብዙ ታሪኮች ውስጥ ዶሮና እንቁላል የሴት፣ በሬና ባህር ዛፍ የወንድ ሆነው ይገኛሉ። ባህር ዛፉን የሚሸጠው አባት ሆኖ ቅጠሉን የምትጠርገው ልጅ ከሆነች፣ አንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅርበት ፈጠረ።

በተለይ ማረሻውን ተከታተሉ። በደጋው አማራ ልማድ ሴት በበሬ አታርስም፤ ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ቢኖራትም ለእኩል አራሽ መስጠት ይገባታል፤ ከምርቱም ድርሻውን ይወስዳል። ጸሐፊው «ምድር ለሴት ታዝናለች» እያለ ቢያዜምም፣ መዝገቡ ምርቱ ወዴት እንደሄደ ይናገራል።

7. ዘመኑንና ሕጉን ማመሳከር

የመሬት ጉዳይ ያለበት ልብወለድ ዘመኑ ሳይለይ አይተነተንም። ታሪኩ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በፊት ከሆነ ርስትና ጭሰኝነት አለ። ከዚያ በኋላ የገጠር መሬት የመንግሥት ሆኖ በገበሬ ማኅበር ተከፋፈለ፤ የሚመዘገበውም በአብዛኛው በቤተሰብ ኃላፊው፣ ማለትም በወንዱ ስም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀምና በማስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ አጸና። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባልና የሚስት ስም ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ።

ይህ ምን ይጠቅማል? በ1998 ዓ.ም. የሚካሄድ ታሪክ ውስጥ አንድ ባል የገጠር መሬቱን «ሸጠ» ከተባለ፣ ወይ በድብቅ የተደረገ ውል ነው፣ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል። ሚስትየዋ ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ ቀበሌ ድረስ ከሄደች ደግሞ ያ ትዕይንት ከስንት የአበባ ንጽጽር ይበልጣል።

8. «ተፈጥሮ ጨከነች» ሲባል

ወሎን መቼቱ ያደረገ ልብወለድ ከ1966ቱ ወይም ከ1977ቱ ረሃብ ብዙ ጊዜ አይርቅም። ድርቅና ረሃብ በካርዱ ላይ ተለይተው ይጻፉ። ድርቅ የዝናብ ጉዳይ ነው፤ ረሃብ ግን ሰው የሠራው ነገር አለበት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ወቅት በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ይልቁንም ከክፍለ ሀገሩ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይተዋል። ሰዉ የጠፋው የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው።

እንግዲህ ተራኪው «ተፈጥሮ ጨከነች፣ ምድር ጡቷን ነፈገች» ሲል ሁለት ነገር በአንዴ ይሠራል። ጥፋቱን አንስታይ ወደ ሆነች ተፈጥሮ ያዞራል፤ ነጋዴውን፣ ባለሥልጣኑንና ዝምታውን ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጣል። ጡት ነፋጊ እናት ተከሰሰች፤ እህል ጫኙ መኪና ግን በትረካው ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ቅንጭብ ሲገኝ ከፊቱና ከኋላው አሥር አሥር ገጽ ገልጣችሁ የእህል ዋጋ፣ ገበያ፣ መጋዘን ወይም መኪና መጠቀሱን ፈልጉ። መኖሩም አለመኖሩም ማስረጃ ነው።

9. የእጽዋት ስም

እያንዳንዱን የተክል ስም ዘርዝሩና ከመቼቱ ከፍታ ጋር አመሳክሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ዕፅዋቱም ይለወጣል። ኮሶና ጽድ ከላይ፣ ግራርና ቁርቁራ ከታች ይጠበቃሉ።

የወይባ ጢስን የመሰለ ነገር ሲገኝ ቆም በሉ። ሙሽራ ወይም አራስ ወይባ ስትሞቅ የሚያሳይ ትዕይንትን «የሴት ገላና ዛፍ አንድ ሆኑ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው። ትዕይንቱ ውስጥ ያለው ግን እውቀት ነው፦ የትኛው እንጨት፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን፣ ለማን። ደግሞም ዛፉ ተቆርጧል። እንክብካቤውም ቆረጣውም በአንድ ካርድ ላይ ይሰፍራሉ። መጽሐፉ ግልጽ ካልሆነ ደሴ ገበያ ውስጥ ወይባ የሚሸጡ እናቶችን ጠይቁ፤ «እማማ፣ ይሄ ከየት ይመጣል? ድሮስ ይህን ያህል ይርቅ ነበር?» ብትሉ ከመዝገበ ቃላት የማይገኝ ነገር ይነግሯችኋል። የሰማችሁት የመጽሐፉ ማስረጃ ሳይሆን የእናንተ ማብራሪያ መሆኑን ግን በጽሑፉ ለዩ።

10. አፍራሽ ካርዶች

ሐሳባችሁን የሚያፈርሱ ቢያንስ አምስት ካርዶች ፈልጉ፦ ደን የምትጨፈጭፍ ሴት፣ ችግኝ የሚንከባከብ ወንድ፣ ገጠርን የምትጠላ ልጅ፣ ሌላዋን ሴት ከምንጭ የምታባርር ባለጸጋ። ከሌሉ መጽሐፉ ሁሉን ሴት አንድ አድርጓል ማለት ነው፤ ያም ራሱ ከፕለምዉድ አምስተኛው ጋር ይገናኛል። ካሉ ደግሞ ከትንታኔው መሀል አስገቧቸው እንጂ በግርጌ አትደብቋቸው።

11. መጻፍ

ምዕራፉን በካርድ ክምር አዋቅሩት። «መ»፣ «ሥ»፣ «ተ» ሦስት ንዑስ ክፍል ይሆናሉ፤ ትልቁ ክፍል ብዙ ካርድ ያለው ሳይሆን ቅራኔ ያለበት ይሁን። ለአንድ መስመር ቅንጭብ ከሦስት እስከ አምስት መስመር ትንታኔ ይመጣጠናል። ቅንጭቡ ከትንታኔው ከረዘመ መገልበጥ ሆኗል፤ ትንታኔው አሥር እጥፍ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉን ለቃችሁ ሄዳችኋል።

መጽሐፉ ያላለውን ቃል አታስገቡበት። ጸሐፊው «እናት አገር» ካለ «እናት አገር» በሉ፤ «እናት ተፈጥሮ» ብላችሁ ከውጭ ባመጣችሁት ስም አትተኩት። የጸሐፊውን ጾታም ማስረጃ አታድርጉ፤ ሴት ስለጻፈችው ብቻ እንስታዊ የሆነ፣ ወንድ ስለጻፈው ብቻ ጨቋኝ የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም።

ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ስትከላከሉ በእርግጠኝነት የሚመጣው ጥያቄ «ይህ የፈረንጅ ሐሳብ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በሂማላያ ተራሮች የቺፕኮ እንቅስቃሴ ሴቶች ዛፍ አቅፈው ከመጥረቢያ መከላከል የጀመሩት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ዋንጋሪ ማታይ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን እ.ኤ.አ. በ1977 መሥርተው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ግቡ። ለዚህም 12ቱን ወይም 15ቱን ካርዶች በገጽ ቅደም ተከተል ይዛችሁ፣ በመጽሐፉም ላይ ቁጥራቸውን የያዘ ወረቀት ለጥፋችሁ ቅረቡ። ፈታኙ ሲጠይቅ መጀመሪያ ገጹን ጥሩ፣ ቅንጭቡን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፣ ግሡ ላይ ቁሙ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከዚያ አስረዱ።